አቶ ሞሲሳና ዝምተኛው ሰሌዳ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ነጋሪ አይጠፋም። ነጋሪ ማለት ሐሜተኛ ማለት አይደለም። ሐሜተኛ የሚጥመውን መርጦ ነው የሚያወራው፤ ነጋሪ አይመርጥም። የመኪናህ የኋላ መብራት መጥፋቱን፣ የምትኖርበት ሕንፃ አሳንሰር የፍተሻ ጊዜው ማለፉን፣ ሹራብህን ገልብጠህ መልበስህን፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ በአንድ ዓይነት ቁም ነገር ይነግርሃል። ሲነግርህ እሱን ይቀለዋል፣ አንተን ይከብድሃል።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ሞሲሳ ነበሩ። ማዕረጉን ማንም አልሰጣቸውም፤ ሊቀማቸውም የሞከረ የለም። የነቀምት ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ተምረዋል፤ ኩን ራፒድስ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ብርነሽና ከልጃቸው ከሶሊያና ጋር ይኖራሉ። ንግግራቸውን የሚጀምሩት “ለማሳወቅ ያህል ነው” ብለው ነው። ይህን ቃል በስልክ የሰማ ሰው ወንበር ይስባል።

ከተማው በረዶ ሊጠርግ ነውና መኪናችሁን ከመንገድ አንሡ ብሎ ባወጀ ቁጥር አቶ ሞሲሳ ስልካቸው ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይደውላሉ። መኪና ለሌለውም ይደወልለታል። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሲያትል የሄደ አንድ ወዳጃቸው የሴንት ፖል መንገድ በየትኛው ወገን መቼ እንደሚጠረግ እስከ ዛሬ አሳምሮ ያውቃል።

አንድ ሰርግ ላይ ደግሞ ማይክራፎኑን ከመድረክ መሪው ተቀብለው፣ “ለማሳወቅ ያህል ነው፤ መብራቱ ሳይጠፋ የቆመ ነጭ ካምሪ መኪና አለ” አሉ። የሚኒሶታን ኢትዮጵያዊ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን መገመት አይቸግረውም። የአዳራሹ ወንድ እኩሌታው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወጣ፤ ሙሽሮቹ ኬካቸውን በሴቶችና በሕፃናት ፊት ቆረሱ።

“ዳድ፣ ኖባዲ አስክድ ዩ” ትላቸዋለች ሶሊያና።

“ባይጠይቁም ይወቁት” ይላሉ።

ይህን ጠባያቸውን ከማንም በላይ የጠገበችው ፈነት ነበረች። ፈነት ሴንት ሉዊስ ፓርክ የምትኖር፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ኤደን ፕሬሪ ውስጥ በአንድ ድርጅት አብራቸው የምትሠራ ሴት ናት። ያን ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሰባት መግቢያ ላይ፣ ብርዱ መኪናዋን ገድሎባት ስለነበር አቶ ሞሲሳ ከኩን ራፒድስ ሲመጡ ያነሷታል፣ ሲመለሱ ያደርሷታል። በነፃ። ክፍያው መስማት ብቻ ነው።

ድርጅቱ የብዙ ፋርማሲዎችን ኮምፒውተር ከሩቅ ይጠብቃል። ለጥበቃው ሁለት መሣሪያ ነበረው። አንዱ ሎግ ሰብሳቢው ነው፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር “ይህን ሠራሁ፣ ይህ አቃተኝ” እያለ የሚጽፈውን መስመር ሁሉ ለቅሞ ይመረምራል። ሌላው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ሰሌዳ ነው፤ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲበላሽ ቀይ እያበራ የተረኛውን ፔጀር ያስጮኻል። ችግሩ ሁለቱ አይነጋገሩም። ሎግ ሰብሳቢው ያውቃል፣ አይጮኽም፤ ሰሌዳው ይጮኻል፣ የሚያውቀው ግን ትንሽ ነው። በመካከላቸው የተዘረጉት ድልድይ አቶ ሞሲሳ ናቸው።

ሥራው በልካቸው የተሰፋ ነበር። ቀኑን ሙሉ መስመር ያነባሉ። የሚያሳስብ ሲያገኙ ይደውላሉ፤ የማያሳስብ ሲያገኙም ይደውላሉ።

“ለማሳወቅ ያህል ነው ፈኔ፣ የሮዝቪሉ ፋርማሲ ፕሪንተር ወረቀት ሊጨርስ ነው።”

“ጋሼ፣ ፕሪንተሩ እኮ እኛን አይመለከትም።”

“ይመለከተናል መች አልኩ? ሊጨርስ ነው ነው ያልኩት።”

ከብዛቱ የተነሣ ባልደረቦቻቸው ኢሜይላቸውን ሳይከፍቱ ዲሊት ማድረግ ጀመሩ። አንዳንዱ ስማቸውን ስልኩ ላይ ሲያይ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል። በመጨረሻ ፈነት እራሷ ተነሥታ ለአለቃዋ ለጆዲ ሐሳብ አቀረበች፦ ሁለቱ መሣሪያዎች በቀጥታ ይገናኙ። ሎግ ሰብሳቢው የሚያሳስበውን መስመር ለይቶ ለሰሌዳው ይስጠው፤ ሰሌዳው ይጩኽ፤ ሰው ይረፍ።

ጆዲ የሚኒሶታ ልጅ ናት፤ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። በጣም የተናደደች ዕለት “ኢንተረስቲንግ” ትላለች። ሐሳቡን ግን ወደደችው። ሰኞ ዕለት ፈነትን ቢሮዋ ጠርታ ሥራው ለሐሙስ እንዲደርስ፣ አለቆች ባሉበት እንዲሞከር አዘዘች። ከዚያ በሩን ዘጋች።

“ይህ ከሠራ ሞሲሳ እዚህ አያስፈልግም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የአሮጌ ዕቃዎቹ መጋዘን ውስጥ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ቲም ሊድ ሆነሽ ቡድኑን ትመሪያለሽ። እስክነግረው ድረስ በመካከላችን ይቆይ፣ ኦኬ?”

ፈነት ኦኬ አለች። ሌላ ምን ትበል? ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት፤ ሐሳቡ የሚያርፍበትን ሰው ግን አላሰበችውም ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሆናቸው፣ ያለ መስመር ማንበብ ሌላ ሥራ የማይጥማቸው ሰው፣ ከተሰበረ ኪቦርድ ጋር መጋዘን ሊገቡ ነው። መጋዘን ውስጥ ለማን ይነግራሉ?

ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት መኪና ውስጥ የነበረው ነገር ለጠላት አይስጥ። አቶ ሞሲሳ ያወራሉ፤ ፈነት በመስኮት ታያለች።

“ለማሳወቅ ያህል ነው፤ የያዝሽው ቦርሳ ዚፑ ተከፍቷል።”

“እሺ ጋሼ።”

“ደግሞ ከሰኞ ወዲህ ፊትሽ ልክ አይደለም። ራስ ምታት ነው?”

“እንቅልፍ ነው።”

“እንቅልፍ እንዲህ አያደርግም” አሉና በቸርነታቸው ወሬውን ወደ መንገዱ መለሱት።

ሥራውን አብረው ሠሩት። የትኛው መስመር እንደሚያሳስብ የትኛው እንደማያሳስብ በአእምሯቸው የያዙት እሳቸው ናቸውና፣ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀምጠው አንድ በአንድ ነገሯት። ጥቂት እንኳ አልሰሰቱም። ሰው መውጫ በሩን እንዲህ በደስታ ሲያበጅ ማየት ያማል።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ጥያቄ ቀረች። ሰሌዳው “በሎጉ ሰዓትና በእኔ ሰዓት መካከል ስንት ልዩነት አለ?” ብሎ ይጠይቃል።

“ጋሼ፣ ሎግ ሰብሳቢው ሰዓቱ ከእኛ ይለያል?”

አቶ ሞሲሳ ወደ እጃቸው አዩ። የእጅ ሰዓታቸው አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ በአገር ቤት አቆጣጠር ነው የሚሄደው፤ “እኔ እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ፣ ሰዓቴን አላስተምረውም” ይላሉ። ከዚያ ስክሪኑን አዩ። መጨረሻው መስመር አሥራ ስድስት ከሃያ ይላል፤ አሥራ ስድስት ማለት ደግሞ አራት ማለት ነው።

“ያው ነው። አራት ከሃያ ይላል፣ አራት ከሃያ ነው።”

ፈነትም ስክሪኑን አየች። ጠዋት ነው፣ አራት ከሃያ ነው፤ ምን ያጠራጥራል? እንግሊዝኛዋ የሚኒሶታ ሆኗል፣ አነዳዷ የሚኒሶታ ሆኗል፣ ልቧ ግን ሰዓት የሚቆጥረው ያደገችበት ቤት ነው። ዜሮ ብላ ጻፈች። በሎግ ሰብሳቢውና በሰሌዳው ላይ ያለውን የመስመሮች ስም ዝርዝር አስተያዩት፣ አንድ ሆነ። ሰው እንዳይረበሽ ብለው ጩኸቱን ሳይሞክሩት ወደ ምሳ ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ፈረንጆቹ አሥር በሚሉት፣ ሁሉም ሰሌዳው ፊት ተሰበሰበ። ጆዲ አለች፤ ከላይ ፎቅ የወረዱ ሁለት አለቆች አሉ፤ አቶ ሞሲሳ ክራባት አስረው ከኋላ ቆመዋል። ከተረኞቹ አንዱ ኤዶሳ ለሙከራ የተዘጋጀውን ኮምፒውተር ገመድ ነቀለ።

ሁሉም ሰሌዳውን አየ። አረንጓዴ ነው። ጠበቁ። አረንጓዴ ነው። ኤዶሳ ፔጀሩን ነቀነቀው፣ ጆሮው ላይ አስጠጋው፤ ፔጀሩ እንደ ድንጋይ ነው። ከአለቆቹ አንዱ ሰዓቱን አየ፣ ሌላው ጫማውን።

“ኢንተረስቲንግ” አለች ጆዲ።

ፈነት መሬት ተከፍቶ እንዲውጣት ፈለገች። ሰው ሁሉ በሚኒሶታ ጨዋነት ፈገግ እያለ ተበተነ። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ገመዱን፣ መስመሩን፣ ደንቡን ስትፈትሽ ዋለች። ሎግ ሰብሳቢው መስመሩን ልኳል። ሰሌዳውም ተቀብሏል። ተቀብሎ ግን ዝም ብሏል። ለምን?

ፈረንጆቹ አራት ሰዓት በሚሉት፣ ሰው ጃኬቱን ሲያነሣ፣ ሰሌዳው እንደ እብድ ቀላ። የኤዶሳ ፔጀር ጮኸ፤ የሌላውም ጮኸ፤ የጆዲም ከቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። ሁሉም ሮጦ መጣ። የተበላሸ ነገር የለም። ሰሌዳው የሚያስጠነቅቀው ጠዋት ስለተነቀለው ገመድ ነው።

ፈነት መስመሩን አየችው። አሥራ ስድስት ሰዓት ይላል። ወደ አቶ ሞሲሳ ዞረች።

“ጋሼ፣ የእጅዎ ሰዓት አሁን ስንት ይላል?”

“አሥር።”

“ጠዋት ኤዶሳ ገመዱን ሲነቅልስ?”

“አራት ነበር። ምነው?”

ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ሎግ ሰብሳቢው የሚጽፈው በግሪኒች ሰዓት ነው፤ በብርዱ ወራት ግሪኒች ከሚኒያፖሊስ በስድስት ሰዓት ይቀድማል፤ የእኛም አቆጣጠር ከፈረንጆቹ የሚለየው በዚያችው ስድስት ነው። ስለዚህ ሎጉ አራት ሲል የአቶ ሞሲሳ እጅም አራት ይላል፣ የፈነት ልብም አራት ይላል፤ አራት ያላለው በክፍሉ ውስጥ ሰሌዳው ብቻ ነው። ሰሌዳው የአገሩ ልጅ ስለሆነ መስመሩ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚሆን ነገር መሰለው። ስለዚህ ሰዓቱ እስኪደርስ ይዞ ጠበቀ።

ይህን ለጆዲ ማስረዳት ነበረባት። “እኛ አገር ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ነው” ብላ ጀመረች። ጆዲ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና “ኢንተረስቲንግ” አለች፤ ያን ጊዜ ግን የምሯን ይመስላል።

ኤዶሳ ሆዱን ይዞ ይስቃል። “ጋሼ ሞሲሳ፣ ዜግነት ሰጡት እኮ! ሰሌዳውን ፓስፖርት ብቻ ነው ያላስያዙት!”

ሁሉም ሳቀ። አቶ ሞሲሳ አልሳቁም። ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ አንድ በጣም ያመኑት ሰው እንዳታለላቸው ሁሉ አተኩረው ያዩታል።

“ከጠዋት ጀምሮ ያውቅ ነበር?”

“ይዞት ነበር ጋሼ።”

“እያወቀ ዝም አለ?”

“ማሽን እኮ ነው።”

“ማሽን ከሆነ፣ ይህን ከማን ተማረው?” አሉና ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

ሲመለሱ አንድ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ቁጥር መንገድ በመኪና ተጨናንቋል። አቶ ሞሲሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አይናገሩም። ከፊታቸው ያለው መኪና መብራት አንዱ ጠፍቷል፤ አላነሡትም። ፈነት ፈራች።

“ጋሼ፣ በእኔ ስሕተት ነው። ዜሮውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

“ዜሮው አይደለም።” ማሞቂያውን ቀነስ አደረጉ። “እናቴ ስታርፍ እዚህ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ፈተና አለበት ይለፍ አሉ። ፈተናው አለፈ። በዓል ነው ይለፍ አሉ። በዓሉም አለፈ። ለመርዶ የሚመች ቀን ጠፋ። ያን ሁሉ ጊዜ ቸርች ስገባ ይስሙኛል፣ እኔ እቀልዳለሁ። መርጋ የሚባል ጓደኛዬ አገር ቤት ሊሄድ ሆነ። ለእናቴ ወፍራም ሹራብ ገዝቼ፣ ብርድ አትወድም ብዬ፣ ሻንጣው ውስጥ በእጄ አጠፍኩለት። ‘አደርሳለሁ’ አለኝ።”

መኪናው ትንሽ ተንቀሳቅሶ ቆመ።

“እያወቀ ይዞት ሄደ ፈኔ። ሹራቡን። ክፉ ሰው አይደለም እኮ፤ እንዳልደነግጥ ብሎ ነው። ሁሉም እንዳልደነግጥ ብሎ ነው። እኔ ግን የማፍረው በለቅሶው አይደለም። ስቄ ባሳለፍኩት ጊዜ ነው።”

ፈነት የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች።

“ጋሼ፣ እዚህ ጋ ከመንገዱ ይውጡልኝ።”

“ቤትሽ እኮ አልደረስንም።”

“ይውጡ።”

ነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ አቆሙ። ነገረቻቸው። መጋዘኑን፣ የሚቀጥለውን ወር፣ ጆዲ በሩን መዝጋቷን፣ የመጀመሪያው ሐሳብ የራሷ መሆኑን፣ ለሷ የታሰበላትን ቦታ። አንድም አላስቀረችም። ስትጨርስ መስኮቱ በትንፋሻቸው ደብዝዞ ነበር።

አቶ ሞሲሳ በእጅጌያቸው መስኮቱን ጠረጉ። “መጋዘኑ ማሞቂያ አለው?”

“አለው መሰለኝ።”

“ሌላ የማላውቀው አለ?”

“የለም።”

ስልካቸውን አወጡ። “ብርኔ፣ ለማሳወቅ ያህል ነው፤ መጋዘን ሊያስገቡኝ ነው። … አይ፣ አላባረሩኝም። … ፈነት ናት የነገረችኝ። አዎ፣ እንደሰማች ወዲያው።”

“ሰኞ ነው የሰማሁት” አለች ፈነት፣ ፊቷ እየጋለ።

ስልኩን በእጃቸው ሸፈኑት። “ሰኞና ሐሙስ ጎረቤት ናቸው” አሉና ወደ ባለቤታቸው ተመለሱ።

ዓርብ ጠዋት ዜሮው ስድስት ሆነ። ገመዱ ሲነቀል ሰሌዳው ወዲያው ቀላ፤ አለቆቹ አጨበጨቡ። ፈነት የመጨረሻውን ቅንብር ልትሞላ ተቀመጠች። ሰሌዳው ይጠይቃል፦ ተረኛው ካልመለሰ፣ ምትኩም ካልመለሰ፣ በመጨረሻ ለማን ልደውል? የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነው ያለው። ጆዲ ከትከሻዋ በላይ ቆማለች።

“ያንቺን ቁጥር አስገቢ። ቲም ሊዱ ነው እዚያ የሚገባው።”

ፈነት የአቶ ሞሲሳን ቁጥር አስገባች።

“እሱ እኮ መጋዘን ነው የሚሆነው” አለች ጆዲ።

“መጋዘን ውስጥ ስልክ አይሠራም?”

“ይሠራል። ግን ለምን እሱ? ቦታውንስ አትፈልጊውም?”

“እኔ ስልኬን አጥፍቼ አውቃለሁ። ኤዶሳም ያጠፋል። እሱ ያወቀውን ይዞ መቀመጥ አይችልም። እዚህ ቦታ ላይ የሚፈለገው ይህ ብቻ ነው።”

ጆዲ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ያ ዝምታ በዚያ አገር ጠብ ማለት ነው። ከዚያ “ዌል” አለች፤ “እንግዲህ ይሁን።” ቲም ሊድነቱ ለኤዶሳ ሄደ፤ ፈነትም ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥታው አታውቅም።

አቶ ሞሲሳ መጋዘን ገቡ። ማሞቂያ ነበረው። የሚገቡበት ሰዓት ስለተለወጠ ፈነት ያገለገለች መኪና ገዝታ ብቻዋን ትነዳ ጀመር፤ ራዲዮ ከፍታ፣ ያለ ወሬ፣ ስትመኘው እንደ ኖረችው። ሰሌዳው በሚገባ ሠራ። የሚጮኸው ሲገባው ብቻ ነው። ቢሮው ጸጥ አለ። ሰው ኢሜይሉን እየከፈተ ማንበብ ጀመረ፤ የሚነበብ ግን ብዙ አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የፈነት ስልክ ጠራ። የመጨረሻው ሰው ቁጥር ነው። ከወንበሯ ዘላ ተነሣች፣ ሰሌዳውን አየች፤ አረንጓዴ ነው።

“ጋሼ! ምን ሆነ?”

“ምንም።”

“ሰሌዳው ደወለልዎት?”

“አልደወለም። ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው አልደወለም።”

“ታዲያ ሁሉም ደህና ነዋ።”

“ደህና ነው” አሉ አቶ ሞሲሳ፤ ከበስተኋላቸው አንድ ብረት ነገር ወደቀ። “ደህና መሆኑን ግን ማን ነገረሽ?”

ፈነት እንደገና ሰሌዳውን አየችው። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። በዙሪያዋ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል።

“ማንም” አለች።

ከዚያ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አሻገረች።

“እስቲ ይንገሩኝ ጋሼ። ምንም እንዳያስቀሩ።”